የመርሳ ሜዳና የእንግዶች መልበሻ ክፍል

ሰኞ፦ ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር

እኔ የማርቆስ ሰው ነኝ፤ ብርድ የሌለበት አገር አለ ሲሉኝ ከልቤ አላምንም። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት መናኸሪያ የደረስኩት ሹራብ ላይ ጃኬት፣ ጃኬት ላይ ጋቢ ደርቤ ነበር። የሸኘችኝ ጎረቤቴ "ወሎ፣ ያውም ሀብሩ ወርደሽ ይሄን ሁሉ ምን ልታደርጊው ነው?" ብትለኝ ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆንኩ።

የሄድኩበትን ጉዳይ አስቀድሜ ልናገር። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህርት ነኝ። በወጣትነቴ ኳስ ተጫውቻለሁ፤ የዚያን ጊዜ መልበሻ ክፍላችን ሁለት ጓደኞቻችን ነጠላ ዘርግተው የሚይዙልን የዛፍ ጥግ ነበር። አሁን ነገሩ ተለውጧል። አንድ የሴቶች ክለብ በክልሉ ሊግ ለመወዳደር ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ ፈቃዱ ከመሰጠቱ በፊት ደግሞ ሜዳው ይታያል። ከሚያዩት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ። የሜዳውን ልክ፣ በተመልካችና በተጫዋች መካከል ያለውን አጥር፣ አምቡላንስ የሚገባበትን በር፣ የዳኞችን ክፍል እመለከታለሁ። ከሁሉ በላይ የምጨቀጭቀው ግን በመልበሻ ክፍል ነው፦ ለባለሜዳውም ለእንግዳውም አንድ አንድ፣ እኩል የሆኑ፣ ውኃ ያላቸው፣ በራቸው ከውስጥ የሚቆለፍ። ይህን ያላሟላ ክለብ የራሱን ግጥሚያ በሰው ሜዳ ይጫወታል። አሁን የምሄደው በወሎ ሀብሩ ወረዳ ያለውን የመርሳን ክለብ ሜዳ ለማየት ነው፤ ለመርሳ የሰው ሜዳ ማለት ወልድያ ነው።

ባሕር ዳር ስደርስ ጋቢውን አወለቅሁ። መናኸሪያው አጠገብ አንድ ፔንሲዮን አደርኩ። የአልጋ ቤቱ ልጅ ትንኝ እንዳይበላኝ አጎበሩን ሁለት ጊዜ መጥቶ አስተካከለልኝ። ማርቆስ ላይ አጎበር አንጠልጥሎ የሚተኛ ሰው ቢታይ በሽተኛ ነው ይባል ነበር።

ማክሰኞ፦ እስከ ወልድያ

መንገዱ ሰላም ነው በተባለበት ሰሞን ስለሆነ አውቶቡሱ ጢም ብሎ ነበር የተነሣው። ደብረ ታቦርን አልፈን ጋሸና ለምሳ ስንወርድ ነፋሱ ፊት ይልጣል። ቀጭን ሸሚዝ የለበሱት ተሳፋሪዎች እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከትተው ሲንቀጠቀጡ እኔ ጋቢዬን ደርቤ በኩራት አየኋቸው። ከጎኔ የተቀመጠችው የወልድያ ነጋዴ ግን "ተደሰቺ፣ እቴ፤ ከድልብ በኋላ ትነግሪኛለሽ" አለችኝ።

እንዳለችውም ሆነ። ድልብን አልፈን ቁልቁለቱን ስንያያዘው መጀመሪያ ጋቢው ወረደ፤ ቀጥሎ ጃኬቱ፤ ወልድያ ልንገባ ስንል ሹራቡም። ሁሉንም ጭኔ ላይ ከምሬ ተቀመጥኩ። ነጋዴዋ አንዴም አልሳቀችብኝም፤ የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ታራግብልኝ ጀመር። መናኸሪያው በር ላይ ያገኘሁት ባለ ባጃጅ ክምሩን አይቶ "ክረምቱን ይዘሽልን መጣሽ?" አለኝና ጃኬቴን ተቀብሎ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጠው።

ማርቆስ ሜዳ ላይ ዘና ብላ የተኛች ከተማ ናት። ወልድያ ግን በተራሮች መካከል ተጠጋግታ የተቀመጠች ስለሆነች የየትኛውም መንገድ መጨረሻ ተራራ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደብተራቸውን ታቅፈው በየካፌው በር ቆመዋል። ሆቴሉ ውስጥ ውኃ የምትመጣው በሰዓቷ ነው አሉኝ፤ የመጣሁት ደግሞ ከሰዓቷ ውጭ ነው። አስተናጋጁ ምንም ሳልለው በባልዲ ውኃ ተሸክሞ ሦስተኛ ፎቅ አወጣልኝ። ጉርሻ ልሰጠው ብል "ከመንገድ ለመጣ ሰው ውኃ ይሸጣል እንዴ?" ብሎኝ ወረደ።

ረቡዕ፦ ወልድያና መርሳ

ጠዋት የወልድያን ስታዲየም አየሁ። ብዙ ሜዳ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለውን ግን ማርቆስ ላይ በሕልሜም አላየሁት። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ለብቻዬ ሣሩን ሳይ ቆየሁ። የመልበሻ ክፍሎቹን ኮሪደር ስሄድበት የራሴ ኮቴ ይሰማኛል። ስወጣ በልቤ "መርሳ እዚህ ብትጫወት ምን ይጎድልባታል?" አልኩ። ይህን ማለቴን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ከሰዓት በኋላ በሚኒባስ ወደ መርሳ ወረድኩ። ሲሪንቃን ካለፍን በኋላ ግራና ቀኙ ማሽላ ነው፤ ሰው የማይታይበት ረጅም ማሽላ። እኛ ዘንድ ከጤፍና ከስንዴ በላይ አሻግሮ ጎረቤቱን ሰላም የሚል ገበሬ ታያላችሁ፤ እዚህ ድምፁ ብቻ ነው የሚሰማው። መስኮቱን ከፍቼ ለማየት ስንጠራራ መርሳ ደረስን፤ ወረድኩ፤ መኪናውም ወደ ደሴ ተፈተለከ። ሻንጣዬ ከላይ እንደተጫነ ትዝ ያለኝ አቧራው ከጠፋ በኋላ ነው። ሹራቡ፣ ጃኬቱ፣ ቅያሪ ልብሴ ሁሉ፣ መለኪያ ሜትሬም ሳይቀር ደሴ ሄደ። በእጄ የቀረው ጋቢዬ ብቻ ነበር።

ሊቀበለኝ የመጣው የክለቡ አሰልጣኝ ጌታቸው ነበር። ጌታቸው በመርሳ የታወቀ መካኒክ ነው። እጁ ግራሶ ስለነበር ለሰላምታ ክንዱን ሰጠኝ።

"አይዞሽ፣ መምህርት። መኪናው ምን ዓይነት ነበር?"

"ነጭ።"

"ሁሉም ነጭ ነው። መስታወቱ ላይ ምን ይላል?"

"አይዞን ይላል መሰለኝ።"

"እሱማ ፍሬኑን ትናንት የሠራሁለት ነው" አለና ስልኩን አወጣ። ሻንጣዬ ደሴ ቆይቶ ዓርብ እንዲመለስ እዚያው ቆመን ተወሰነ።

ያረፍኩት ከሜዳው አጥር ማዶ ሻይ ቤት ካላቸው ከእትዬ አስካለ ዘንድ ነው። በጓሮ በኩል የሚያከራዩት ክፍል አላቸው። የእኔን ነገር ሲሰሙ ገብተው አንድ ሰማያዊ ድሪያ አወጡልኝ፤ ሴቶች በሙቀት ጊዜ የሚለብሱት ያ ሰፊና ስስ ቀሚስ ነው። ቁመቴ ከርሳቸው ስለሚበልጥ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ቀረ። ሽሮ አቅርበውልኝ እየበላሁ፣ ከጓዳው የልጃገረዶች ሳቅ ሰማሁ። አንዲት ማሊያ የለበሰች ልጅ ወጣች፤ ቀጥሎ ሌላ፤ ቀጥሎ ሌላ።

"ልምምድ አላቸው" አሉኝ እትዬ አስካለ። "እዚህ ለብሰው ነው የሚሻገሩት።"

ጓዳው ሰፊም ቅርብም ስለሆነ ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ሐሙስ፦ ሜዳው

በሰማያዊ ድሪያና በስፖርት ጫማ ሜዳ ስመረምር ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ሜትር ከአንድ አናጢ ተዋስን። የክለቡ አምበል ዘምዘም ጫፉን ይዛልኝ ትሮጣለች። ከግራና የምትመጣ፣ ቀጭን፣ ስትናገር ዓይኗን የማትሰብር ልጅ ናት።

ሜዳው በጀኝ። ልኩ ትክክል ነው። የጎል ቋሚዎቹን ጌታቸው ራሱ በየዷቸዋል፤ ተንጠልጥዬ ብወዛወዝም ንቅንቅ አላሉም። አጥሩን የሠራው የአካባቢው ቅሬ ነው። ቅሬ እኛ ዕድር የምንለው ነው፤ የወሎው ግን ከሬሳ ማንሣት አልፎ መንገድ ያቀናል፣ የተጣላ ያስታርቃል፣ እስላም ክርስቲያን ሳይል ሁሉንም ይይዛል። እኔ ማርቆስ ላይ አንድ አጥር ለማሳጠር የጻፍኩትን ደብዳቤ አስቤ ቀናሁ። የዳኞቹ ክፍል ትንሽ ቢሆንም ንጹሕ ነው። ቃሬዛውም አለ።

የቅሬው ዳኛ፣ ማለትም መሪው፣ ሐጂ እንድሪስ ከዘራቸውን ይዘው ከኋላችን ይከተሉናል። መልበሻ ክፍሉ ጋ ስንደርስ ከፊት ቀደሙና በሩን በራሳቸው እጅ ከፈቱት።

ከልቤ ነው የምናገረው፤ ከእኔ ሳሎን ይሻላል። ግድግዳው ተለስኖ ነጭ ተቀብቷል። ዙሪያውን አግዳሚ፣ ከአግዳሚው በላይ የልብስ መስቀያ፣ በአንድ በኩል ትልቅ መስታወት፣ በሌላው ቧንቧ የተገጠመለት የውኃ በርሜል አለ። የተጎዳ ሰው ይተኛበት ብለው ፍራሽ አንጥፈዋል። ወለሉ ላይ ሰሌን አለ። በሩ ከውስጥ የሚቆለፍ ነው፤ መጸዳጃው ከጎኑ ነው።

"ማሻአላህ በይ እንጂ" አሉኝ ሐጂ።

"ግሩም ነው፣ ሐጂ። ይሄ የእንግዶቹ ነው ወይስ የባለሜዳዎቹ?"

"የእንግዶቹ ነዋ።"

"የባለሜዳዎቹስ የትኛው ነው?"

ሐጂ እንድሪስ አዩኝ። "የማን?" አሉ።

ጌታቸው ወደ ጎን መራኝ። ከክፍሉ ጀርባ እስከ ወገብ ደርሶ የቆመ የድንጋይ ግድግዳ አለ፤ ውስጡ እሾህና አረም በቅሎበታል። መጀመሪያ ለሁለት ክፍል ነበር የተጀመረው። ቆርቆሮው ለአንዱ ብቻ በቃ። ለየትኛው ይሁን ሲባል ቅሬው ተሰበሰበ፤ ክርክርም አልነበረበትም፤ ለእንግዳው ተባለ። ከዚያ ወዲህ ከየቤቱ የተገኘው ሁሉ እዚያው ሲጨመር ኖሯል፤ መስታወቱም፣ ፍራሹም፣ በርሜሉም።

"ልጆቹስ የት ነው የሚለብሱት?"

"ቤታቸው ነዋ" አሉ ሐጂ። ሰውዬው ግራ የገባቸው በኔ ነው። "ልጄ፣ እንግዳ ነው ክፍል የሚያስፈልገው። ከሩቅ መጥቶ፣ ሰው አያውቅ፣ አገር አያውቅ። ባለቤት በአገሩ ክፍል ይጠይቃል እንዴ?"

በሥራዬ ክፍሉን ለራሱ አሳምሮ ለእንግዳው የኳስ መጋዘን የሚሰጥ ክለብ ብዙ አይቻለሁ። ቆጣ ብሎ መናገር ይቀናኛል፤ ልማዴ ነው። እዚህ ግን ምን ብዬ ልቆጣ? ለእንግዳ አብዝታችኋል ብዬ? ቢሆንም ደንቡ ደንብ ነው። "ሐጂ፣ ሁለተኛ ክፍል ከሌለ ፈቃዱ አይወጣም" አልኳቸው። "ቅዳሜ ማታ ተመላሽ ነኝ። እስከዚያ በር ያለው ክፍል ካየሁ አየሁ ብዬ እጽፋለሁ፤ ያላየሁትን ግን አልጽፍም።"

ግድግዳውን በሁለት ቀን ማንሣት እንደማይቻል ሁላችንም እናውቅ ነበር። ላጽናናቸው ብዬ "ወልድያ እኮ ቅርብ ነው፤ ስታዲየሙም የሚያስቀና ነው" አልኩ። ጌታቸው መሬት መሬት አየ። ዘምዘም ሜትሩን መጠቅለል ጀመረች።

ማታ ሻይ ቤቱ በር ላይ ተቀምጬ ሳለሁ መጥታ ከጎኔ ቆመች።

"ቲቸር፣ ነገ ግራና አብረሽኝ ውረጂ። ወልድያ መጫወት እችል እንደሆነ አባቴን አንቺ ጠይቂልኝ። እኔ ብጠይቀው መልሱን አውቀዋለሁ።"

ዓርብ፦ ግራናና የቅሬው ጥሩምባ

ባጃጁ ገና ከመርሳ ሳንወጣ ጎማው ተነፈሰ። ሹፌሩ ሲቀይር የፓፓያ ማሳ ያለው ሰው ከጥላው ስር ጠርቶን ቆርጦ አበላን። ማርቆስ ላይ ፓፓያ በገበያ ቀን መርጠን የምንገዛው ነገር ነው፤ ሰውዬው ግን የተረፈውን ለመንገድ ብሎ እቅፌ ላይ አስቀመጠው። ዘምዘም ከላይ ረጅም ቀሚስ ለብሳለች። ከአንገቷ ስር የማሊያዋን ኮሌታ አየሁት።

"ለምንድን ነው የደረብሽው? በዚህ ሙቀት?"

"ሁልጊዜ እንዲህ ነው። እትዬ አስካለ ጓዳ የሚለብሱት የመርሳ ልጆች ናቸው፤ እኔ ከቤት ለብሼው እወጣለሁ፣ ሜዳው ዳር ቀሚሱን አወልቃለሁ። ስመለስ ደግሞ ላቡ ላይ እደርበዋለሁ።" እንደ ተራ ነገር ነው የነገረችኝ።

ግራና ትንሽ የገበያ ከተማ ናት። የዘምዘም አባት ሰይድ ገበሬ ናቸው። ከጁምዓ ሶላት እስኪመለሱ እናትየው ምሳ አቀረቡልኝ። የማሽላ እንጀራ ላይ ምስርና ጎመን ብቻ ነው፤ ከጓዳ ግን የሥጋ ወጥ ይሸተኛል። ዓርብ መሆኑን ከእኔ በፊት ያሰቡት እነሱ ናቸው፤ ለእኔ ሲሉ በሌላ ድስት ሠርተዋል። ማርቆስ ላይ ሙስሊም እንግዳ ቢመጣብኝ ይህን ያህል አስብለት ይሆን ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ።

ሰይድ መጡ። ነገሩን አስረዳኋቸው፤ ስታዲየሙን አሞገስኩ፤ መኪናው ክለቡ የሚከራየው ነው፣ አሰልጣኙ አብሮ ነው አልኩ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

"መምህርት፣ ልጄ ኳስ መጫወቷን የጠላሁ እንዳይመስልሽ። አንድ ግጥሚያ አምልጦኝ አያውቅም። መርሳ ስትሆን ለልምምዱ እኔ ባልኖር እንኳ እህቴ አለች። ሐጂ እንድሪስ አሉ። ሜዳው ዳር የሚቆመው ግማሹ ዘመዴ ነው። ወልድያ ማን ያያታል? ማንን አምኜ?"

"አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቷታል እኮ።"

"አውቃለሁ። ያቺን ስታዲየምም አይቻታለሁ፤ የሰው አገር ናት" አሉ፣ ሳይቆጡ። "የእኔ ብቻ መስሎሽ እንዳትሄጂ። የግራና ልጅ ያለው ሁሉ የሚልሽ ይሄንኑ ነው።"

ከቡድኑ ግማሹ የግራናና የዙሪያዋ ልጆች መሆናቸውን ያን ጊዜ ነው ያሰብኩት። ረቡዕ ጠዋት ያን የመሰለ ደረጃ ላይ ተቀምጬ "ምን ይጎድላል?" ያልኩት ትዝ አለኝና አፈርኩ። የሚጎድለው ዘምዘም ነበረች። ፈቃዱ ካልወጣ ክለቡ በወረቀት ይኖራል፤ እሷ ግን ግራና ትቀራለች። እሷም ይህን ታውቃለች።

ለቅዳሜ ከአንድ የወልድያ ክለብ ጋር የወዳጅነት ግጥሚያ ስለነበራቸው አባትና ልጅ አብረውኝ ወደ መርሳ ወጡ። ከባጃጅ ስንወርድ ጥሩምባ ሲነፋ ሰማን። ሰው ሥራውን እየጣለ ወደ ሜዳው ይሄዳል፤ ሴቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል።

"ማን ሞተ?" አልኩት ጌታቸውን።

"ማንም አልሞተ። ሻንጣሽ መጥቷል፤ ቅሬውም የተጠራው ስለ መልበሻ ክፍሉ ነው። ከጥሩምባው ሌላ የምንጠራበት ነገር ስለሌለን ነው።"

ጥሩምባው ለለቅሶ አለመሆኑን የሰሙት ሴቶች ነጠላቸውን እያስተካከሉ ሳቁ። ሜዳው ዳር ሁሉም ተቀመጠ። ሐጂ እንድሪስ ነገሩን አነሡ፦ መንግሥት ሁለተኛ ክፍል ካላየሁ ይላል፤ ቆርቆሮ የለም፤ ምን ይሻላል? እኔ መንግሥት መባሌን ላርም ብዬ አፌን ከፈትኩና ተውኩት።

እትዬ አስካለ ተነሡ። "የቅሬው ዕቃ ቤት አለ" አሉ።

ዕቃ ቤቱ ከሜዳው ጥግ ነው፤ ቆርቆሮው ያላረጀ፣ በሩ ጠንካራ፣ ከመጸዳጃውም የማይርቅ። የለቅሶ ድንኳኑ፣ ድስቱ፣ አግዳሚው የሚቀመጥበት ነው። ሕዝቡ አጉረመረመ። ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"የሙታን ዕቃ ነው፣ አስካለ። ሰው ቢሞት ድንኳኑን ከየት ላውጣው?"

"ከኔ ጓዳ። ልጆቹ የሚለብሱበት ጓዳ ባዶ ይሆናል አይደለም?"

"አንቺ ቤትሽን ዘግተሽ ቤተ ክርስቲያን የሄድሽ ዕለትስ?"

"ትርፍ ቁልፉ ከአንቱ ዘንድ ይቀመጣል።"

"ይሁን። ግን ለምን ብለን?" አሉ ሐጂ፤ የምራቸውን ነው የጠየቁት። "ለእንግዳው ክፍል ሠርተናል። የገዛ ልጆቻችን ምን ብለው ነው ቤት የሚጠይቁን? ነውር አይሆንም? ለራሳችን ጎተትን አይባልም?"

እኔ የደንቡን አንቀጽ ልጠቅስ ስዘጋጅ ዘምዘም ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። አባቷ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

"ሐጂ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ?"

"ጠይቂ፣ ልጄ።"

"እኔ የየት አገር ልጅ ነኝ?"

"የሰይድ ልጅ፣ የግራና ነሻ።"

"ከግራና የምመጣ ሰው ለመርሳ ምኗ ነኝ?"

ሐጂ ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

"ሁልጊዜ ቀሚሴን የማወልቀው ከዚያ ክፍል ግድግዳ ውጭ ቆሜ ነው" አለች ዓይኗን ሳትሰብር። "ውስጡን ያየሁት ትናንት ነው፤ ለቲቸር ሜትር ስይዝላት።"

"ያ ረቢ" አሉ ሐጂ ቀስ ብለው። ወደ ሰይድ ዞሩ። "ሰይድ፣ ያንተን ልጅ ይህን ሁሉ ጊዜ በር ላይ አቁመናት ነው የኖርን?"

ሰይድ "አብሽር፣ ሐጂ" አሉ፤ አይዞዎት ማለታቸው ነው።

ሐጂ እንድሪስ ድምፅ አልሰጡም፣ አላሰጡም። ተነሥተው ወደ ዕቃ ቤቱ ሄዱ፤ ከኪሳቸው ቁልፉን አወጡና ከፈቱ፤ የመጀመሪያውን ድስት ራሳቸው ተሸክመው ወጡ። ከዚያ በኋላ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። እኔም አንድ የድንኳን ቋሚ በትከሻዬ ይዤ ወደ እትዬ አስካለ ጓሮ ተሻገርኩ። ሻንጣዬ ቢመጣም ድሪያውን አልቀየርኩም ነበር።

ቅዳሜ፦ ግጥሚያው

ጠዋት ወደ ሜዳው ስሻገር ዕቃ ቤቱ ተጠርጎ፣ ተቀብቶ፣ ገና የኖራ ሽታ ነበረው። ጌታቸው ከውስጥ መቀርቀሪያ በይዶ ገጥሟል። የቅሬው አግዳሚዎች ግድግዳውን ተከትለው ተደርድረዋል። በርሜሉን ያመጡት ሰይድ ናቸው፤ ከእህታቸው ቤት። መስታወት የሰጠችው አንዲት ባለሱቅ ናት፤ ሌላዋ ፍራሽ አመጣች። መስቀያ ምስማሮቹ የተመቱት እያንዳንዷ ልጅ ቆማ ከቁመቷ ጋር ተለክቶ ስለነበር አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ይላል።

ሁለቱን ክፍል እየተመላለስኩ አስተያየሁ። ሐጂ በሩ ላይ ቆመው ፊቴን ያነብባሉ።

"እንግዲህ እኩል ነው?"

"እኩል ነው፣ ሐጂ።"

"ለእንግዳው ትንሽ ብንጨምርለትስ?"

"አይቻልም።"

"ጎጃም ጨካኝ ነው" አሉና ሄዱ።

የወልድያ ልጆች መጡ፣ በክፍላቸው ተደነቁ፣ መስታወቱ ፊት ተሰልፈው ፎቶ ተነሡ። ጨዋታው ተጀመረ። ሜዳው ዳር የማላውቀው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ፓፓያ ያበላን ሰውዬም መጥቷል። ሰይድ ከአጥሩ ጋር ተለጥፈው ዘምዘም ኳስ በያዘች ቁጥር ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ወልድያዎች አንድ ለባዶ አሸነፉ። ሕዝቡ ለእነሱም አጨበጨበላቸው፤ እኛ ዘንድ ቢሆን ዳኛውን ስንሳደብ እናመሽ ነበር።

እንግዶቹ ለባብሰው፣ ሻይ ተጋብዘው፣ ወደ መኪናቸው ገቡ። እኔም ሁለቱን ክፍል አየሁ ብዬ ሪፖርቴን ፈርሜ ሻንጣዬን አነሣሁ። የመጨረሻው የወልድያ ሚኒባስ መንገዱ ላይ ይጣራል። አብራኝ ወደ አስፋልቱ ልትሸኘኝ የነበረችው ዘምዘም ናት፤ እሷ ግን ከመልበሻ ክፍሉ አልወጣችም። ሌሎቹም አልወጡም። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል።

ጌታቸው አንኳኳ። "ልጆች፣ መምህርት ልትሄድ ነው። ምን ሆናችሁ?"

"ምንም" አለች ዘምዘም ከውስጥ።

"ለብሳችሁ አልጨረሳችሁም?"

"ጨርሰናል።"

"ታዲያ ምን እየሠራችሁ ነው?"

"ተቀምጠናል" አለች።

ጌታቸው ደግሞ ሊያንኳኳ እጁን አነሣ። ሐጂ እንድሪስ በከዘራቸው ክንዱን ያዝ አደረጉት።

"ተዋቸው" አሉት። "እንግዳ ተነሡ አይባልም።"

ሰይድ ከበሩ ፈንጠር ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ የልጃቸውን ቀሚስ በደንብ አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አኑረውታል። ሚኒባሱ ለመጨረሻ ጊዜ ጥሩምባውን ነፋና ሄደ። እኔም ሻንጣዬን አስቀምጬ ከጎናቸው ተቀመጥኩ።